ጋቢዎቹን የሚያውቅ ሶፍትዌር

የሶፍትዌር ሻጮች ሁሉ ወሬ የሚጀምሩት «ዛሬ እንዴት ነሽ?» ብለው ነው። ደክሞኛል ብዬ አንድም ቀን መልሼ አላውቅም። ጠዋት፣ ሥራ ከመግባቴ በፊት፣ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ፣ ፀጉሬን በሻሽ ሸብ አድርጌ፣ ካሜራው የተቆለለውን ካርቶን እንዳያሳይ ወደ ግድግዳው አዙሬ እቀመጥና «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» እላለሁ። ከዚያ ሻጩ ስክሪኑን ሼር ያደርጋል፤ በቀለም ያበደ ግራፍ ይወጣል። እኔም ይኼ ግራፍ ታች ቤዝመንት ውስጥ የትኛው ጋቢ የት እንደተቀመጠ ይነግረኝ ይሆን እያልኩ፣ አፌን በመዳፌ ሸፍኜ አዛጋለሁ።

ይህ በ2021 መጀመሪያ ላይ ነው። ኮሎምበስ ከተማ፣ ሂልቶፕ በሚባል ሰፈር፣ ከብሮድ ስትሪት ገባ ብሎ ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ከባለቤቴ ጋር እንኖራለን። እሱ ትራክ ስለሚነዳ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። እኔ ከሰዓት በኋላ የሚጀምር ሺፍት አለኝ፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ትልቅ ዌርሃውስ ውስጥ የሰው ኦርደር እየለቀምኩ ሳጥን ውስጥ እከታለሁ። የራሳችንን ንግድ የጀመረችው ግን እኔ ሳልሆን ታላቅ እህቴ ናት።

እህቴን እትዬ ነው የምላት። በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ልጅ ሆኜ አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ወደ አሜሪካም የመጣሁት እሷ ቀድማ መጥታ፣ ሠርታ፣ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባል ሰፈር ቤት ገዝታ ቦታ ካዘጋጀችልኝ በኋላ ነው። ልጆቿ አድገው ሌላ ስቴት ስለሄዱ ብቻዋን ትኖራለች። ዳውንታውን ባለ ሆቴል ክፍል እያጸዳች ዓመታት ሠርታለች። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሆቴሉ እንግዳ አጣና ሠራተኞቹን በሙሉ ሌይኦፍ ብሎ ከሥራ አሰናበታቸው። እትዬ ደግሞ እጇን አጣጥፋ መቀመጥ የማይሆንላት ሰው ናት። መጀመሪያ ቤቷን አጸዳች፤ ቀጥላ መጥታ የእኔን አጸዳች፤ የሚጸዳ ሲጠፋ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጣቸው የነበሩትን ጋቢዎች አወጣችና አንዱን ለድሮ የሥራ ባልደረባዋ ሸጠችላት።

ያቺ ሴት ጋቢውን ሶፋዋ ላይ ጣል አድርጋ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ ለጠፈችው። ጓደኞቿ ከየት አመጣሽው ብለው ጠየቁ። እኔ ዌብሳይት ከፈትኩ። ሰው ሁሉ ቤት ተዘግቶበት የገዛ ሶፋውንና አልጋውን አፍጥጦ የሚያይበት ጊዜ ስለነበር ነው መሰለኝ፣ ሰምተነው ከማናውቀው ከተማ ሁሉ ኦርደር መምጣት ጀመረ። ሽሮ ሜዳ ከሸማኔዎች ጋር የሚሠራ የአጎታችን ልጅ ጋቢውን፣ ፎጣውን፣ የአልጋና የትራስ ልብሱን እያሰባሰበ በካርጎ ይልክልናል። እኛ ቤዝመንቴ ውስጥ መደርደሪያ አቁመን እዚያው አጣጥፈን፣ እዚያው አሽገን እንልካለን።

ለእያንዳንዱ ጥለት ስም የምታወጣው እትዬ ነበረች። ቀላ ያለ ቡናማ ጥለት ያለውን «ማሽላ» ትለዋለች። ቀጫጭን ግራጫ መስመር ያለው «ዝናብ» ነው። የአክስታችንን የበዓል ቀሚስ የሚመስለው «የአክስቴ» ተባለ። አንዱ ደግሞ መጀመሪያ የደረሰን ሐሙስ ቀን ስለነበረ ብቻ «ሐሙስ» ሆኖ ቀረ። ኦርደር ሲመጣ እኔ ከላይ ሆኜ ደረጃው ላይ እጣራለሁ።

«እትዬ፣ ትልቁ ማሽላ አለ?»

«አለ። ከታች ያለውን ግን እንዳትልኪው፣ ጫፉ ተተርትሯል።»

የትም አልተጻፈም። ቀና ብላም አታይም። እጇ ካርቶን እያሸገ አፏ ይነግረኛል። ተሳስታም አታውቅም። እኔም ይኼን እንደ ተፈጥሮ ነገር ነበር የምቆጥረው፤ ቧንቧ ሲከፈት ውኃ እንደሚመጣ ሁሉ እትዬ ስትጠየቅ መልስ ይመጣል።

ችግር የመጣው ሁለተኛ ቦታ መሸጥ ስንጀምር ነው። ሰው ሁሉ የሚገዛበት አንድ ትልቅ የገበያ ዌብሳይት አለ፤ እዚያ ላይም ዕቃችንን እንስቀል አልኩ። እትዬ አልወደደችውም፤ እኔ ግን ንግድ ካደገ ያድግ ብዬ ሰቀልኩት። እንግዲህ አንዱ ጋቢ ሁለት ቦታ ተሰቅሎ ይታያል ማለት ነው። አንዱ ላይ ሲሸጥ ሌላው ላይ ሄዶ መቀነስ የእኔ ሥራ ነበር። ሥራ ቦታ ደግሞ ስልክ መያዝ ክልክል ነው፤ ሎከር ውስጥ ቆልፌው ነው የምገባው። ስወጣ የጠፋው ጠፍቶ፣ የተሸጠው ሁለቴ ተሸጦ ይጠብቀኛል።

ከገና በፊት ሚሺጋን የምትኖር አንዲት ሴት አራት ዝናብ አዘዘች። አራቱም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አደራ ብላ ጽፋለች። ስንፈልግ ሁለቱ ትናንት በሌላው ዌብሳይት ተሸጠዋል፤ ታሽገውም ሄደዋል። ይቅርታ ለመጠየቅ ደወልኩላት። ሴትዮዋ አልተቆጣችም። አባቷ በወረርሽኙ እንዳረፉ፣ ለቀብር መሰብሰብ እንዳልተፈቀደላቸው፣ እሷና ወንድሞቿ በየቤታቸው ሆነው በቪዲዮ ሊያስቧቸው እንዳሰቡ ነገረችኝ። ያን ቀን አራቱም ልጆች አንድ ዓይነት ልብስ ደርበው መታየት ፈልገው ነበር። እሷው አጽናንታኝ፣ አይዞሽ ብላኝ ዘጋችው።

ለእትዬ ስነግራት መጠቅለያውን ወረቀት አስቀመጠች። ሁለቱን ዝናብና ከእሱ የሚቀራረቡ ሌሎች ሁለት መርጣ፣ የሴትዮዋን ገንዘብ መልሺ፣ እነዚህን ዝም ብለሽ ላኪላት አለችኝ። ላክን። ማታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ኮቷን እየለበሰች፦

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏል ይኼ ነው። ሁለተኛውን ዌብሳይት ዝጊው» አለችኝ።

«መዝጋት አይደለም መፍትሔው፣ ሶፍትዌር ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚቆጥር አለ።»

«እኔ እየቆጠርኩልሽ አይደለም እንዴ?»

ታች ያለውን ትቆጥራለች፤ እሱ እውነት ነው። እዚያ ስልኩ ውስጥ ሰው በየደቂቃው የሚገዛውን ግን እትዬም ልትቆጥረው አትችልም።

በዚህ ተጀመረ የሻጮቹ ጉዳይ። አንዴ ኢሜይሌን ከሰጠሁ በኋላ ማቆሚያ አልነበረውም። አንዱ ስንት ዌርሃውስ እንዳለን ጠየቀኝ። አንድ ቤዝመንት ብዬ ስመልስለት ጆሮውን ነክቶ ድምፄ እንዳልተሰማው ሰው አስደገመኝ። ሌላው ያለው ሶፍትዌር ርካሽ ነው፤ ግን ከአንድ ዌብሳይት ጋር ብቻ ነው የሚገናኘው። ሦስተኛው ሁሉንም ያደርጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት ምን ያህል እንደምሸጥ ሁሉ ይተነብያል። እኔ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ምን እንደሚመጣ እንኳ የማላውቅበት ጊዜ ነበር።

ፍሪ ትራያል፣ ማለትም የነፃ ሙከራ ጊዜ የሚሰጡኝን እየከፈትኩ ሞከርኳቸው። የመጀመሪያ ሥራዬ «ማሽላ» ብሎ መጻፍ ነበር። ሴቭ ሳደርገው ፊደሉ ጠፍቶ ባዶ ሳጥን፣ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል። አንዱ ላይ ሳጥን፣ ሌላው ላይ የጥያቄ ምልክት። ሻጮቹን ስጠይቃቸው ሁሉም አንድ መልስ ነው ያላቸው፤ ስም ምን ያደርግልሻል፣ ኮድ ስጪው ይላሉ። እኔም ኮድ እየሠራሁ ወረቀት ላይ ጽፌ ለእትዬ አሳየኋት፤ ለጋቢ ሁለት የላቲን ፊደል፣ ለቀለሙ ሁለት፣ ለመጠኑ አንድ፣ ከዚያ ቁጥር። መነጽሯን አድርጋ አየችውና፦

«ይኼ የመኪና ታርጋ ነው እንጂ የጋቢ ስም አይደለም» ብላ መለሰችልኝ።

የሚያሳዝነው፣ ልቤ ከእሷ ጋር ነበር። ሥራ ቦታዬ ስካነር እጄ ላይ ታስሮ ነው የምውለው። የቱ መደርደሪያ፣ የቱ ሳጥን እንደምሄድ እሱ ነው የሚያዘኝ። ዕቃውን ሳነሳ ጢጥ ይላል። ውኃ ለመጠጣት ዘግየት ካልኩ እዚያ ላይ ይጻፍብኛል። ያነሳሁት መጫወቻ ይሁን መድኃኒት ሳላውቀው ነው የሚያልፈው። እትዬ ይኼን ሁሉ ከእኔ ሰምታለች። አንድ ጠዋት ዴሞ፣ የሻጮቹን ማሳያ፣ እያየሁ ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ሻጩ ባርኮድ እንዴት እንደሚነበብ እያሳየ ነበር።

«እንዲያ ነው ያንቺ ሥራ ቤት ያለው?»

«ይመስላል፤ ግን ይኼ የራሳችን ነው።»

«እኔንም ሊቆጥረኝ ነው?» አለች። እየቀለደች መስሎኝ ዞር ስል ፊቷ ላይ ሳቅ የለም። ቡናዋን ይዛ ወደ ታች ወረደች።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለጥቂት ሳምንታት ተውኩት። ሻጮቹ ሲደውሉ አላነሳም። እትዬ ደግሞ በዚያው ሰሞን ማሳል ጀመረች።

የወረርሽኙ ክትባት ተራዋ ገና አልደረሰም ነበር። ለሁለት ቀን ጉንፋን ነው እያለች ቤቷ ተኛች። በሦስተኛው ቀን ደውዬ ሳናግራት አረፍተ ነገር መጨረስ አቃታት። አምቡላንስ ጠራሁ። እኔ ከሂልቶፕ ተነስቼ እሷ ቤት ስደርስ አምቡላንሱ ውስጥ እያስገቧት ነበር፤ ሽርጥ የመሰለ ፕላስቲክ የለበሱ ሰዎች እንዳልጠጋ በእጃቸው መለሱኝ። የእትዬ ከማስኩ በላይ ዓይኗ ብቻ ይታያል። የቤቷን ቁልፍ ለአንዱ ሰጥታው አምጥቶ ሰጠኝ። በሩ ተዘጋ። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም ነበር፤ ስለዚህ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩና ወደ ቤት ተመለስኩ።

ኦርደር ግን አያውቅም። ሰው መታመሙን የሚነግረው የለም። ስልኬን ስከፍት ተደርድሮ ጠበቀኝ። ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤዝመንት ወረድኩ።

ያን ቀን ነው እዚያ ቤት ውስጥ ምንም እንደማላውቅ የገባኝ። መደርደሪያዎቹ የራሴ ናቸው፤ ግድግዳው የራሴ ነው፤ ዕቃው ግን የእሷ ነው። ትልቅና ትንሹ ለየብቻ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር፤ ተቀላቅሏል። ቀለም በቀለም የተደረደረ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያም አይደለም። አንዳንዱ በመጣበት ጊዜ፣ አንዳንዱ በሠራው ሸማኔ፣ አንዳንዱ እሷ ብቻ በምታውቀው ምክንያት ነው የተቀመጠው። ቀላ ያለ ጥለት ያላቸው ሦስት ጋቢዎች አንስቼ የትኛው ማሽላ እንደሆነ ማወቅ አቃተኝ። አምፖሉ ሥር ወስጄ አየኋቸው። ጭራሽ ተመሳሰሉብኝ።

እትዬ በቪዲዮ ስትደውልልኝ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘችኝ። አፍንጫዋ ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። ፊቷ አብጧል። ስለ ራሷ ብጠይቃት አልመለሰችልኝም።

«ምን እያደረግሽ ነው እዚያ?»

«ምንም። ዕቃ ላስተካክል ብዬ ነው።»

«ምን ጠፋሽ?»

አልነግራትም ብዬ ነበር። ግን ነገርኳት። ስልኩን ወደ መደርደሪያው አዙሪው አለችኝ። አዞርኩት። በሁለት ቃል መሐል እየተነፈሰች፣ ወደ ግራ፣ ከዚያ ዝቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው ኋላ ያለችው ካርቶን፣ እሷ አይደለችም ቀጥላ ያለችው፣ እያለች መራችኝ። ማሽላውን አገኘሁት። ዝናቡን አገኘሁት። እሷ ሌላም ልትቀጥል ስትል ሳሉ መጣባት፤ ስልኩ ጣሪያውን ማሳየት ጀመረ፤ ከዚያ የነርሷ ፊት ብቅ አለ። ነርሷ በደግ አነጋገር፣ እህትሽ ማረፍ አለባት፣ አሁን እንዘጋዋለን አለችኝ። ከኋላ የእትዬ ድምፅ በአማርኛ «የተተረተረውን እንዳትልኪ» ይላል። ነርሷ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ደህና ሁኚ ነው ያለችው አልኳት።

በዚያው ሳምንት አንደኛው ሻጭ ደወለ፤ ያ የሚተነብየውን ሶፍትዌር የሚሸጠው። ከሌሎቹ ስለበለጠ አይደለም የመረጥኩት። እምቢ የምልበት አቅም ስላልነበረኝ ነው። የአንድ ዓመት ኮንትራት ፈረምኩ። እትዬን አላማከርኳትም፤ የኦክስጅን ማስክ ተደርጎላት ስለነበር ለቀናት ስልክም አታነሳም።

ባለቤቴ በየሳምንቱ መጨረሻ ሲመጣ ሁለታችን ቤዝመንት እየገባን ዕቃውን ሁሉ አወረድነው፣ ቆጠርነው፣ ኮድ ያለበት ስቲከር ለጠፍንበት። እሱ መንገድ ላይ ውሎ አድሮ የመጣ ሰው ነው፤ እያንቀላፋ ይለጥፋል። የቱ የቱ እንደሆነ ሲጠይቀኝ እኔም አላውቅም እለዋለሁ። አንዴ «እኛ ያልገባንን ለኮምፒውተሩ እያስረዳነው ነው» አለኝና ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር እንዳይሄድብኝ ተነስቼ ካርቶን ማጠፍ ጀመርኩ።

ሶፍትዌሩ ለእኛ የተሠራ አልነበረም። ክፉ ነው ልል አልችልም፤ ትልቅ ነው። አንድ የተቀደደ ፎጣ ከቆጠራው ለማውጣት ከገጽ ወደ ገጽ መሄድ፣ ምክንያት መጻፍ፣ ያወጣሁትን ደግሞ ራሴው ማጽደቅ ነበረብኝ። አንድ ጊዜ የት እንደነካሁ ሳላውቅ ሁሉንም ዕቃ ዜሮ አደረገው። መደርደሪያው ሞልቶ ሁለቱም ዌብሳይቶች ላይ አልቋል ይላል። ቻት ላይ የሚመልስልኝ ሰው በጣም ትሁት ነው፤ ጥያቄሽን ለሌላ ክፍል አስተላልፌዋለሁ ይለኛል። ሌላው ክፍልም ትሁት ነው። እስኪስተካከል ብዙ ቀን ሄደ። ሥራ ቦታ ስካነር፣ ቤት ሶፍትዌር፤ ከአንዱ ወጥቼ ወደ ሌላው ነው የምገባው። ሰው ሲጠይቀኝ ንግዱ እያደገ ነው እላለሁ። እውነትም እያደገ ነበር።

እትዬ ፀደይ ላይ ከሆስፒታል ወጣች። ብቻዋን እንዳትሆን እኔ ቤት አመጣኋት። ከሳሎን እስከ መታጠቢያ ቤት ስትሄድ መሐል ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፋለች። ለሳምንታት ቱቦው አልተለያትም። ስለ ንግዱ አታነሳም፤ እኔም አላነሳባትም። የቤዝመንቱን ደረጃ ለመውረድ የሞከረችው በጋው ከገባ በኋላ ነው። እጇን ይዤ አወረድኳት። ስቲከሮቹን አየች፤ በጣቷ አንዱን ዳሰሰችው። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ ብትቆጣ ደስ ባለኝ።

ከመደርደሪያው አንድ ጋቢ ሳበች። ዝናብ ነበር። እሱን እንኳ በዚያን ጊዜ ለይቼዋለሁ። ዘርግታ፣ ጥለቱን በአውራ ጣቷ እያሸች ብዙ ቆየች።

«ይኼን ምን ነበር የምንለው?» አለችኝ።

ልትፈትነኝ የጠየቀችኝ መስሎኝ «አንቺው ንገሪኝ» አልኳት።

«አላውቅም» አለች። ቀስ ብላ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። «አፌ ላይ ነው ያለው። አይመጣም።»

ሐኪሙ ከበሽታው በኋላ ይኼ በብዙ ሰው ላይ እንደሚታይ ነገረን። ሊመለስ ይችላል፣ ቀስ እያለ፣ ላይመለስም ይችላል። አንዳንድ ቀን ደህና ናት፤ የልጅነቴን ነገር ሁሉ ታወራልኛለች። አንዳንድ ቀን ምድጃ ላይ ድስት ጥዳ ትረሳለች፤ ስልኳን ማቀዝቀዣ ውስጥ አገኘዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሴቶች ሊጠይቋት ሲመጡ፣ ያ ጭንቅላት ምን ነካው እያሉ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እሷ ፈገግ ትልና ሻይ ትቀዳላቸዋለች።

ኮንትራቱ በ2022 መጀመሪያ ላይ አለቀ። አላደስኩትም። እንደገና ሻጭ፣ እንደገና ዴሞ። ግን በዚህኛው ዙር እትዬ ወንበር ስባ ከጎኔ ተቀመጠች። ፀጉሯን አበጥራ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንግዳ እንደምትቀበል ሰው ሆና ነው የምትቀርበው። ሻጩ እስኪጨርስ በትዕግሥት ትሰማለች፤ መጨረሻ ላይ ክንዴን ነካ ታደርገኛለች።

«ጠይቂው። አማርኛ ይጽፋል?»

እጠይቃለሁ። አንዱ አማርኛ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። አንዱ ወደፊት ይኖረናል አለ። አንዱ በእርግጠኝነት ይጽፋል ብሎ ስንሞክረው ያው የምናውቀው ባዶ ሳጥን ወጣ። እትዬ በእንግሊዝኛ «ታንክ ዩ» ትላቸውና ለእኔ «ዝጊው» ትለኛለች። እኔ ሰልችቶኝ ነበር። ከስም ይልቅ ሌላ የሚያስጨንቀን ነገር አለ አልኳት አንድ ቀን፤ ዋናው ሁለቱን ዌብሳይቶች ማገናኘቱ ነው።

«ለአንቺ ዋናው እሱ ይሆናል» አለችኝ። «እኔ ያን ታርጋ ሳየው ምንም አይመጣልኝም። ስሙን ሳየው ግን አንዳንዴ ይመጣል።»

ከዚያ በኋላ አልተከራከርኳትም።

መጨረሻ ላይ ያገኘናት ሴት የአንድ ትንሽ ኩባንያ ሠራተኛ ነበረች። እሷም ከቤቷ ነው የምትሠራው፤ ውሻ ይጮኽባታል፤ በየመሐሉ ይቅርታ ትጠይቃለች። የእትዬን ጥያቄ ስነግራት፣ እውነቱን ለመናገር አላውቅም፣ ለምን አሁን አንሞክረውም አለች። ቻቱ ላይ «ማሽላ» ብዬ ጽፌ ላክሁላት። ኮፒ አድርጋ የዕቃው ስም የሚገባበት ቦታ ላይ ከተተችውና ሴቭ አደረገችው። ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ፊደሉ ሳይጎድል ወጣ።

እትዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «ማሽላ» ብላ አነበበች። ሴትዮዋ ትክክል መሆኑን ጠየቀችን፤ እትዬ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀችላት።

ያ ሶፍትዌር አይተነብይም። ግራፉ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አያምርም። ሁለቱን ዌብሳይቶች ያገናኛል፤ ዘግየት ቢልም ይቀንሳል። ፎቶ ይቀበላል። ስልክ ላይ ይሠራል፤ ፊደሉንም ለእትዬ ዓይን ማሳደግ ይቻላል። ወሰድነው።

ስሞቹን መልሰን ለማስገባት ሁለታችን ቤዝመንት ተቀመጥን። እኔ ጋቢውን እዘረጋለሁ፤ እሷ ታያለች። የተወሰኑትን ወዲያው ጠራቻቸው። የጠፉባትን፣ የማውቀው ከሆነ እኔ ነገርኳት። ሁለታችንም የማናስታውሳቸው ነበሩ፤ ለእነሱ እትዬ አዲስ ስም አወጣችላቸው። አንዱን ሰማያዊ «ነርሷ» አለችው። የቀሚሷ ቀለም እንዲህ ነበር አለችኝ። ስለ ሆስፒታሉ ራሷ ስታነሳ ስሰማ ያ የመጀመሪያው ነው።

አንድ ጠዋት የታሸጉትን ዕቃዎች በመኪና ጭነን ወደ ፖስታ ቤት ስንሄድ ብሮድ ስትሪት ላይ ባቡር እንደሚያልፍ ሁሉ መንገዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከፊት አደጋ ነበር መሰለኝ። እኔ ሺፍቴ እንዳያልፈኝ ሰዓቴን አያለሁ። በዚያ መሐል፣ ለማጽናናትም ይሁን ዝምታውን ለመስበር፣ ያወጣሻቸውን ስሞች እያነበብኩ ነው የምሠራው፣ ያንቺ ጭንቅላት እኮ አሁንም እየሠራልን ነው አልኳት። እትዬ በመስኮት ወደ ውጭ ታያለች።

«ሁሉም ያ ጭንቅላት የት ሄደ ይለኛል» አለች። «ያን ጊዜ፣ ሁሉን በቃሌ ስይዝ፣ እንዴት እተኛ እንደነበር ግን የጠየቀኝ የለም። ስተኛ እቆጥራለሁ። ቅዳሴ ቆሜ እቆጥራለሁ። አንዱን ሸጠሽ ሳትነግሪኝ ከዋልሽ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ይልሽ ነበራ። እትዬ ታውቃለች ስትይ።» መቀነቷን ፈታ አድርጋ እንደገና አሰረችው። «አሁን ሌላው ነገር ይረሳኛል፤ እሱ ያናድደኛል። የጋቢው ግን ቀለለኝ። ያ ስልክ ይቁጠረው።»

መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ። እኔም ወደ ፖስታ ቤቱ ነዳሁ።

አሁን እትዬ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፤ ሲሻላት ጠዋት ጠዋት እየመጣች ታግዘኛለች። ሆቴሉ ሲከፈት ጠርቷት ነበር፤ አልሄደችም፤ ደረጃና አልጋ የሚችል ጉልበት የላትም። እኔ ዌርሃውሱን አልተውኩም፤ የጤና ኢንሹራንሳችን በእሱ በኩል ነው። ግን ቀኖቼን ቀንሻለሁ። ኦርደሩ እንደ ወረርሽኙ ጊዜ አይጎርፍም፤ ሰው ከቤቱ መውጣት ጀምሯል። ሁለቴ የሸጥነው ዕቃ እየቀነሰ መጥቷል፤ አልጠፋም።

ባለፈው ከአዲስ አበባ የመጣ ዕቃ ቺካጎ ጉምሩክ ቆይቶ ደረሰልን። እትዬ ወንበር ላይ ሆና ትፈታለች፤ የአጎታችን ልጅ የለጠፈውን ባርኮድ በስልኩ ካሜራ ታስነብባለች፤ ስሙ ሲወጣ ድምፅ አውጥታ ታነባለች። እኔ እያጠፍኩ እደረድራለሁ። ስንጨርስ ስልኩ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው አልገጠመም፤ አንድ ፎጣ ጎድሏል። ካርቶኖቹን ገለባበጥን፤ ከማጠቢያው ኋላ አየን፤ የለም። ሺፍቴ እየደረሰ ነበር። እትዬ ተይው፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን ጻፊ አለችኝ። ስልኩን ከእጇ ተቀብዬ ከቁጥሩ አንድ ቀነስኩና ዩኒፎርሜን ልለብስ ወደ ላይ ወጣሁ።